ቅርጹ የማን ነው? ስለ ሕፃናት የአሸዋ ቅርጽ ማውጫዎች አሠራርና አመራረጥ የቀረበ ሒስ

1. የጉዳዩ መነሻ

የሕፃናት ትምህርት ከጨዋታ ተለይቶ ሊታሰብ እንደማይችል በመምህራን ማሠልጠኛዎች ዘወትር የሚነገር ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በቃል ደረጃ ተቃዋሚ የለውም። ጥያቄ የሚነሣው ጨዋታው በምን መሣሪያ እንደሚካሄድ፣ መሣሪያውንም ማን እንደሚመርጠውና በምን መመዘኛ እንደሚመርጠው ሲመረመር ነው። ለዚህ ጥያቄ አሸዋ ጥሩ መፈተኛ ይሆናል፤ ይኸውም ፈርሶ ተመልሶ የሚሠራ፣ ስሕተትን የማይቀጣ፣ ትንሹም ትልቁም ሕፃን እንደ ዐቅሙ የሚይዘው ነገር ስለሆነ ነው። ከአሸዋ ጋር አብሮ የሚመጣው ቅርጽ ማውጫ ግን፣ የእጅ ባለሙያዎች ፎርማ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ምርመራ የሚገዛና ያለ ምርመራ ለሕፃናት የሚታደል ዕቃ ነው።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመመልከት አዲስ አበባን ከሚከቧት ከተሞች መካከል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚመቹ ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። የገጠሩ እርሻና የከተማው ግንባታ ጎን ለጎን የሚታይባቸው ስለሆኑ፣ በአንድ በኩል የሣር ክምርና ጎጆ፣ በሌላ በኩል የብሎኬት መሥሪያና የአሸዋ ማራገፊያ በአንድ መንገድ ዳር ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች የሚያድግ ሕፃን ወደ ክፍሉ የሚገባው ብዙ ቅርጽ በዐይኑ አይቶ፣ ብዙ ዕቃ በእጁ ዳስሶ ነው።

የጉዳዩን አጣዳፊነት የሚጨምረው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት መስፋፋት ነው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ፣ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ለተከፈቱት ኦ-ክፍሎች መነሻ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ደረጃ በፊት ለሚሰጠው ትምህርት ሁለት ዓመት መድቦለታል። ክፍል ሲከፈት ዕቃ ይገዛል፤ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ በቀላሉ በጅምላ የሚገኘው ይመረጣል። እንዲህ ባለው ጊዜ አንድ የተሳሳተ ምርጫ በአንድ ክፍል ብቻ አይቀርም፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ክፍሎች ይባዛል።

በዚህ ሒስ የሚቀርበው ዋና አሳብ አንድ ነው። ቅርጽ ማውጫ ሊመዘን የሚገባው ለሕፃኑ በሚተውለት የሥራ ድርሻ ነው። ያወጣው ቅርጽ ማማሩ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም።

2. ያለቀለት ቅርጽና ጉድለቱ

በገበያ የሚሸጠው የተለመደው የአሸዋ መጫወቻ አንድ ባልዲ፣ አንድ አካፋና ጥቂት የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫዎችን የያዘ ነው። ቅርጾቹ የባሕር ኮከብ፣ ዛጎል፣ ዓሣና ባለ ግንብ ቤተ መንግሥት ናቸው። መሣሪያው የተፀነሰው ለባሕር ዳርቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ለሌለው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ለሚያድግ ሕፃን የባሕር ኮከብ ምን እንደሆነ መምህሩ በቃል ካላስረዳው በቀር ቅርጹ ስም የለውም። ይህ ግን የመሣሪያው ቀላሉ ጉድለት ነው፤ ሕፃን ያላየውን ነገር ማወቁ በራሱ ጉዳት የለውምና።

ከዚህ የከበደው ጉድለት በቅርጹ አሠራር ላይ ነው። ዓሣው፣ ዛጎሉና ኮከቡ በአንድ ፊታቸው ብቻ የተቀረጹ ሲሆኑ በሌላው ጠፍጣፋ ናቸው። ከአሸዋው ላይ ሲያርፉ ከላይ የሚታይ ሥዕል እንጂ ዙሪያውን ሊመለከቱት የሚችሉት አካል አያወጡም። ርዝመትና ስፋት አላቸው፤ ከፍታቸው ግን ለስም ያህል ነው። ሕፃኑ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ቢያያቸው ልዩነት አያገኝም። ስለዚህ አሸዋ ከወረቀት የሚበልጥበት አንዱ ዋና ነገር፣ ማለትም ከየአቅጣጫው የተለያየ መልክ የሚያሳይ አካል የማስገኘት ችሎታው፣ በመሣሪያው ምክንያት ይባክናል።

ሦስተኛውና ዋናው ጉድለት የሥራ ክፍፍሉ ነው። ባለቀለት ቅርጽ ማውጫ ሕፃኑ የሚሠራው መሙላት፣ መጠቅጠቅና መገልበጥ ብቻ ነው። ምን እንደሚሠራ የወሰነው፣ መጠኑን የለካው፣ ክፍሎቹን ያዛመደው ሌላ ሰው ነው፤ ሕፃኑ በሌላ ሰው ሥራ ላይ የመጨረሻው ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ዓሣ ሲወጣ ደስታው እውነተኛ ነው። ዐሥረኛው ዓሣ ከመጀመሪያው ስለማይለይ ግን ሕፃኑ የሚያስበው ነገር አይኖረውም።

ፍርዱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የዚህ መሣሪያ ጥቅምም ሊነገር ይገባል። የሦስት ዓመት ሕፃን ጣቶች ገና ስላልጠነከሩ በባዶ እጅ አሸዋን ማቆም ይቸግረዋል፤ ዓይን አፋር የሆነም ሕፃን ፈጥኖ የሚሳካ ነገር ሲያገኝ ወደ ጨዋታው ይገባል። ለእነዚህ ያለቀለት ቅርጽ የመግቢያ በር ነው። ችግሩ የሚጀምረው በሩ እንደ ቤት ሲቆጠር ነው፤ ይኸውም ለሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጠው ከእርሱ ያላለፈ እንደሆነ ነው።

3. ከሌሎች አገሮች የተገኘው ልምድ

ለሕፃን በእጅ የሚያዝ ቅርጽ ማዘጋጀት እንደ ትምህርት ዘዴ የተደራጀው በጀርመን አገር በፍሪድሪክ ፍሮይቤል ነው። እርሱ በባድ ብላንክንቡርግ በ1837 እ.ኤ.አ. ተቋሙን አቋቁሞ፣ በ1840 እ.ኤ.አ. የሕፃናት የአትክልት ቦታ የሚል ስም ሰጠው። አፀደ ሕፃናት የሚለው የአማርኛ ስምም ይህንኑ አሳብ የያዘ ነው። ፍሮይቤል ስጦታ ብሎ ከሰየማቸው መሣሪያዎች ሁለተኛው ሉል፣ ሲሊንደርና ኩብ ነበር። የፍሮይቤል ጥንካሬ ለሕፃኑ ያለቀለት እንስሳ ወይም ቤት ከመስጠት ይልቅ፣ ሁሉ ነገር የሚሠራበትን መሠረታዊ ቅርጽ መስጠቱ ነው። ድካሙ ደግሞ ተከታዮቹ የቅርጾቹን አደራደር በዝርዝር ሥርዓት አስረው ሕፃኑ ታዛዥ እንዲሆን ማድረጋቸው ነው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የሕፃናት ቤት ስትከፍት ሌላ አሳብ አበረከተች፤ ይኸውም መሣሪያው ራሱ ስሕተትን ለሕፃኑ ያሳየው የሚል ነው። አሸዋ በዚህ በኩል ከማናቸውም መሣሪያ የተሻለ አስተማሪ ነው። ከደረቀ ይናዳል፤ ከረጠበ ይዘረጋል፤ በሚገባ ካልተጠቀጠቀ ጫፉ ይጎመዳል። መምህሩ ሳይናገር ሕፃኑ ያየዋል። ሆኖም የሞንቴሶሪ መሣሪያዎች አብዛኞቹ አንድ ትክክለኛ ውጤት ብቻ ያላቸው ናቸው፤ የአሸዋ ሥራ ግን ብዙ ትክክለኛ ውጤት ሊኖረው ይገባል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስታንሊ ሆል በ1888 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የአሸዋ ክምር ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቦስተን አካባቢ ያሉ ልጆች በግቢ ውስጥ በተደፋላቸው አሸዋ በተከታታይ በጋዎች እርሻና መንደር እየሠሩ እንዴት እንዳደጉ ዘግቧል። የሚያስፈልጓቸውን ሰዎችና እንስሳት ከእንጨት የጠረቡት ራሳቸው ልጆቹ ነበሩ። የተገዛ ቅርጽ ማውጫ ሳይኖር ለዓመታት የቀጠለ ሥራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከየአቅጣጫው ስለ መመልከት ደግሞ ዣን ፒያዤና ባርቤል ኢንሄልደር በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የታወቀ ነው። በሦስት ተራሮች ምስል ፊት የተቀመጠ ሕፃን፣ በሌላ ጎን የተቀመጠ አሻንጉሊት ምን እንደሚያይ ሲጠየቅ፣ ትንንሾቹ የራሳቸውን እይታ መልሰው ይሰጡ ነበር። ማርቲን ሂዩዝ በ1975 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጥያቄ ለውጦ፣ አሻንጉሊቱ ልጅ ከፖሊሱ ዓይን የት እንደሚደበቅ ሕፃናቱን ጠየቀ። ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ከሆናቸው ውስጥ 90 በመቶው በትክክል መለሱ። ማርጋሬት ዶናልድሰን በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ከዚህ የደረሰችበት ድምዳሜ ለመምህራን ጠቃሚ ነው። ሕፃን የሌላውን እይታ መገመት የሚያቅተው ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ከሚያውቀው ሕይወት ሲርቅበት ነው።

ይህን ወደ አገራችን ስንመልሰው ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። የሦስቱ ከተሞች ሕፃናት ሦስት ተራሮችን በምስል ማየት አያስፈልጋቸውም፤ እንጦጦ፣ ወጨጫና ፉሪ በዙሪያቸው ቆመዋል። የሱሉልታ ሕፃን እንጦጦን ከሰሜን ያየዋል፤ የአዲስ አበባው ሕፃን ደግሞ ከደቡብ ያየዋል። ሦስት የአሸዋ ተራሮች ሠርቶ፣ ከዚህ ወገን የትኛው ፊት ለፊት እንደሚታይና የትኛው እንደሚጋረድ መጠየቅ በሜዳው ላይ የሚኖር እውነት ነው። ሕፃኑ በአማርኛ ተራራ፣ በአፋን ኦሮሞ ቱሉ ብሎ ሊሰይመው ይችላል፤ የአሸዋው ሥራ ሁለቱንም ቋንቋ ያስተናግዳል።

4. አሸዋው፣ ውኃውና የፎርማው አሠራር

ቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ወይም የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ አሸዋ እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ይገባዋል። ደረቅ አሸዋ ወደ ታች ይናዳል፤ ክምሩም ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ተዳፋት አልፎ አይቆምም። ጥቂት ውኃ ሲጨመርበት በቅንጣቶቹ መካከል ቀጭን የውኃ ድልድይ ይፈጠርና እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ውኃው ሲበዛ ግን ክፍተቱ ሁሉ ስለሚሞላ ማሰሪያው ይጠፋና አሸዋው እንደ ጭቃ ይዘረጋል። በእንግሊዝ አገር የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲው ማቲው ቤኔት በ2004 እ.ኤ.አ. የሰጠው ልክ ለስምንት እጅ ደረቅ አሸዋ አንድ እጅ ውኃ የሚል ነው። መምህሩ መስፈሪያ ባይኖረው በጭብጥ ይፈትነዋል። ተጨብጦ ሲለቀቅ የጣቶቹን ምልክት ይዞ ከቆመና ውኃ ካላንጠባጠበ ልኩ ደርሷል።

ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ ከመፈለግ በፊት በየከተሞቹ መንገድ ዳር ብሎኬት የሚሠራውን ሰው መመልከት ይበቃል። ድብልቁን እርጥብ እንጂ ፈሳሽ አያደርገውም፤ በፎርማው ሞልቶ ይጠቀጥቀዋል፤ ወዲያውም ፎርማውን ወደ ላይ መዝዞ ብሎኬቱን ባለበት ይተወዋል። ብሎኬቱ ሲሚንቶው ሳይጠነክር የሚቆመው ሕፃኑ የሠራው የአሸዋ ግንብ በሚቆምበት በዚያው ምክንያት ነው። የዚህ ሠራተኛ ዘዴ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ስም ባይኖረውም የሳይንስ ትምህርት ነው።

ከዚህም ለፎርማ አሠራር አራት ሕግጋት ይወጣሉ።

አንደኛው ተዳፋት ነው። የፎርማው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመ አሸዋው ይያዛል፤ ወደ ውስጥ ከጠበበ ፈጽሞ አይወጣም። አፉ 10 ሳንቲሜትር፣ ወለሉ 8 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው 10 ሳንቲሜትር የሆነ ጣሳ መሰል ዕቃ በየጎኑ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ስላለው በደንብ ይለቃል።

ሁለተኛው አየር ነው። በሁሉም ወገን የተዘጋ ፎርማ ሲነሣ በውስጡ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር አሸዋውን ወደ ላይ ይስበዋል። በወለሉ ላይ በምስማር የተበሳች አንዲት ቀዳዳ ችግሩን ትፈታለች። ቀዳዳዋን በጣት ደፍኖና ከፍቶ ልዩነቱን ማሳየትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው መጠን ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዕቃ ከስድስት መቶ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ጥቂት የሚበልጥ አሸዋ ይይዛል፤ እርጥብ ሆኖ ሲጠቀጠቅ ክብደቱ አንድ ኪሎ ያህል ይሆናል። የአምስት ዓመት ሕፃን ይህን ይገለብጠዋል። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው እጥፍ ቢሆን ግን ይዘቱ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ክብደቱ ከስምንት ኪሎ ያልፋል፤ ሕፃኑም ሊያነቃንቀው አይችልም። ስለዚህ ትልልቅ ፎርማዎች ልክ እንደ ብሎኬቱ ፎርማ ወለል የሌላቸው፣ በቦታቸው ተሞልተው ወደ ላይ የሚመዘዙ መሆን አለባቸው።

አራተኛው የአሸዋው ጥራት ነው። ጭቃ የበዛበት አሸዋ በፎርማው ላይ ይለጠፋል። ጥቂት አሸዋ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ተንጦ ሲቀመጥ ከላይ የሚረጋው የደቃቅ አፈር ንብብር ወፍራም ከሆነ አሸዋው መታጠብ ይገባዋል። ከድንጋይ ወፍጮ የሚወጣ ብናኝ የበዛበት አሸዋም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ለሕፃናት አይመረጥም። ማታ ማታም ውሻና ድመት እንዳያቆሽሹት ማስቀመጫው ሊከደን ይገባል።

5. ከአካባቢው የሚወጣ ቅርጽ

ያለቀለት የውጭ ቅርጽ ይቅር ሲባል ብዙዎች ፈጥነው የሚሰጡት መልስ በአገር ባህል ቅርጽ ይተካ የሚል ነው። መልሱ በከፊል ትክክል ሲሆን በከፊል ግን ያንኑ ስሕተት በሌላ ልብስ ይደግማል። የጀበና ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ፎርማ ተሠርቶ ቢታደል ሕፃኑ አሁንም ሙላ፣ ጠቅጥቅ፣ ገልብጥ ከመባል አያልፍም። ከዚህም በላይ ጀበና ለዚህ ሥራ አይስማማም። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ከአንድ ወጥ ፎርማ ሊወጣ አይችልም። ፎርማው ለሁለት ቢከፈልም ጡቱና እጀታው በአሸዋ አይቆሙም። መሶብም በወገቡ ጠቦ ከላይና ከታች ስለሚሰፋ ችግሩ ይኸው ነው። የባህል ዕቃ መሆኑ ብቻውን ቅርጹን ለአሸዋ ተስማሚ አያደርገውም።

የሚበጀው የአካባቢውን ዕቃዎች ወደ ክፍሎቻቸው መፍታት ነው። ጎጆ ሁለት ክፍል አለው፤ ግድግዳው ሲሊንደር፣ ጣራው ሾጣጣ ነው። በሱሉልታ ሜዳ የሚታየው የሣር ክምርም ከታች ክብ፣ ከላይ ሾጣጣ ነው። ከቡራዩ አጠገብ ያለው፣ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት አንዱ የሆነው የገፈርሳ ግድብ ደግሞ ረጅም ግድግዳና ከኋላው የተኛ ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ጥቂት መሠረታዊ ፎርማዎች፣ ማለትም ሲሊንደር፣ ሾጣጣ፣ ግማሽ ሉልና አራት ማዕዘን ቢሰጠው ከእነርሱ ጎጆ፣ ክምር፣ ጎተራ፣ ግድብ፣ ድልድይና ፎቅ ሊያቆም ይችላል። ሾጣጣው በሲሊንደሩ ላይ ሲቀመጥ ቢሰፋ ጣራው ይናዳል፤ ቢጠብ ግድግዳው ሳይከደን ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ የሚያደርገው ልኬት ነው፤ ገና ቁጥር ባይጽፍም።

የፍሮይቤል ሉልም እዚህ ላይ አዲስ ትርጉም ያገኛል። ሙሉ ሉል ከአንድ ወጥ ፎርማ ፈጽሞ አይወጣም፤ ግማሹ ግን ይወጣል። ለምን እንደሆነ በእጁ የሞከረ ሕፃን የቅርጽን ጠባይ ከሥዕል ከተማረው በተሻለ ያውቃል።

መሣሪያውም ከሩቅ አይመጣም። ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል የተፈጥሮ ግማሽ ሉል ነው፤ ውስጡ ለስልሶ ከተፋቀ አሸዋን አይዝም። የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ አናቱ ሾጣጣ፣ ወገቡ ወለል የሌለው ሲሊንደር ይሆናል። የቲማቲም ድልህና የዱቄት ወተት ጣሳ በየቤቱ ይገኛል። ርዝመቱን የተሰነጠቀ ቀርከሃ በገመድ ታስሮ ሲፈታ ለሁለት የሚከፈል ፎርማ ይሆናል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ወደ ውጭ ታጥፎ ካልተቀጠቀጠ እጅ ይቆርጣል። የእንጨት ፎርማ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥና ስለሚጣመም ዘይት ሊቀባ ይገባል።

ሕፃናቱ በሰፈር የሚጫወቱት ዕቃቃ ለመምህሩ መመሪያ ይሆነዋል። በዕቃቃ ጨዋታ አንድ ቆርኪ ሰሐን፣ አንድ ጠጠር ድንች፣ አንድ ቅጠል ሰው ይሆናል። ሕፃኑ ነገሩን የሚሰይመው ራሱ ነው። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ፎርማ ይህን የመሰየም መብት ከነጠቀው ትምህርቱ ከሰፈር ጨዋታ ያነሰ ሆነ ማለት ነው።

6. ለሚዳስስ እጅ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ዐይን ላለው ሕፃን ነው። በሰበታ ግን መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ፤ በከተማይቱም ለልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራንን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ይገኛል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ስለ ቅርጽ ማውጫ የሚሰጥ ፍርድ ዐይነ ስውራን ሕፃናትን ሳይጨምር ሙሉ ሊሆን አይችልም።

ዐይነ ስውር ሕፃን ቅርጽን የሚያውቀው በመዳሰስ ነው። የአሸዋ ቅርጽ ደግሞ ሲዳሰስ ይፈርሳል። ይህ ተቃርኖ ብዙ መምህራን አሸዋን ከዚህ ክፍል እንዲያርቁ ሊያደርግ ይችላል። መፍትሔው ግን በፎርማው ውስጥ አለ። ፎርማው ጠንካራ ስለሆነ በፈለጉት ያህል ይዳሰሳል። ሕፃኑ ጎድጓዳውን በጣቱ ከመረመረ በኋላ፣ የሚወጣው አካል ምን እንደሚመስል ገምቶ፣ አሸዋውን ሞልቶ፣ ገልብጦ፣ ግምቱን በለሆሳስ ይፈትናል። የገባው ወጥቶ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ መገላበጥ ለዐይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አይደለም። ሉዊ ብራይል በ1829 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ባለ ስድስት ነጥብ ጽሕፈት በሰሌዳና በወስፌ ሲጻፍ፣ ነጥቦቹ ከወረቀቱ ጀርባ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋሉ፤ ሲነበቡ ግን ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይዳሰሳሉ። ጎድጓዳውን እያሰቡ ጉብታውን ማዘጋጀት የብራይል ተማሪ የዕለት ሥራ ነው። ስለዚህ በፎርማ የሚሠራ አሸዋ ለብራይል ጽሕፈት የቅድሚያ ዝግጅት ሊሆን ይችላል።

ማየት ለሚችለው ሕፃንም ትምህርቱ አለው። ፊደል ያለበት ፎርማ ቢሠራ ተዕፁ ሁለት ወገኑ የሚመሳሰል ስለሆነ በፎርማው ውስጥም በአሸዋውም ላይ አንድ ነው፤ ገ ወይም ረ ግን በፎርማው ውስጥ ተገልብጦ ካልተቀረጸ በአሸዋው ላይ በስሕተት ይወጣል። ፊደልን አገላብጠው ለሚጽፉ ጀማሪዎች ይህን ልዩነት በእጃቸው እንዲያገኙት ማድረግ ከተደጋጋሚ እርማት ይሻላል።

እንግዲህ በሰበታ ላሉት ልጆች የሚስማማው ፎርማ ምን ዓይነት እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ፣ ውስጡ በጣት የሚደረስበት፣ ክፍሎቹ በመዳሰስ የሚለዩ፣ በጣም ትንንሽ ጌጥ የሌለው የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ ዝርዝር ለማንኛውም ሕፃን ከሚስማማው ፎርማ የተለየ አይደለም። ለሚዳስስ እጅ የታሰበ መሣሪያ ለሁሉም ይበቃል፤ ለዐይን ብቻ የታሰበው ግን ለሚዳስሰው አይበቃም።

7. በዕቅድ አውጪው ፊት ያለው ምርጫ

ዕቅድ አውጪው የሚያነሣው ጥያቄ ስለ ወጪና ስለ ውኃ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ስፋትና 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የአሸዋ ማጠራቀሚያ 900 ሊትር ያህል አሸዋ ይይዛል። ሁሉንም በስምንት አንድ ልክ ለማራስ ከ110 ሊትር የሚበልጥ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህን መጠየቅ አይቻልም። ነገር ግን 60 በ40 ሳንቲሜትር ስፋትና 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ዝቅተኛ ሣጥን 24 ሊትር አሸዋ ይዞ በሦስት ሊትር ውኃ ይረጥባል። ለአምስት ሕፃናት ይበቃል። ማታ በላስቲክ ከተሸፈነ በማግሥቱ የሚጨመርበት ውኃ ጥቂት ነው። በክረምት ወራት ደግሞ ሣጥኑ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዝናብ ሥራውን አያቋርጠውም። ሃምሳ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ሁለት ሣጥኖች በተራ ቢሠራባቸው፣ በአምስት ቀን እያንዳንዱ ሕፃን አንድ ጊዜ ይደርሰዋል።

የፎርማው ወጪ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን የመምህሩን ጊዜና የሠለጠነ እጅ ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከአካባቢው ቁሳቁስ እንዲዘጋጅ የታሰቡ ነበሩ። የአሳቡ ዋጋ ከአስተዳደሩ ቅርጽ ጋር አላለፈም። በየትምህርት ቤቱ ጉድኝት አንድ መቀስ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ መጋዝና አንድ ፍላጎት ያለው መምህር ቢገኙ ለብዙ ክፍሎች የሚበቃ ፎርማ ይወጣል። የቆርቆሮ ሠራተኛውና አናጢው ከከተማው ሳይወጡ ሊረዱ ይችላሉ።

በጅምላ መግዛትን የሚደግፈው ክርክር ዕቃው ወጥ ስለሆነ ለቁጥጥር ይመቻል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በየክፍሉ ስንት ባልዲና ስንት ዓሣ እንደታደለ መቁጠር ቀላል ነው። የሚቆጠረው ግን የታደለው ዕቃ እንጂ የተገኘው ትምህርት አይደለም። ተቆጣጣሪው ወደ ክፍል ገብቶ ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ። አምስት ሕፃናት በአንድ ሣጥን ዙሪያ ሠርተው ሲጨርሱ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት አምስት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ተመሳሳይ ከሆኑ ሥራውን የሠራው ፎርማው ነው። የተለያዩ ከሆኑና እያንዳንዱ ሕፃን የሠራውን በስሙ ጠርቶ ለምን እንደዚያ እንዳደረገው መናገር ከቻለ ሥራው የሕፃኑ ነው።

የአሸዋ ቅርጽ ከአንድ ቀን አያልፍም፤ በማግሥቱ ፈርሶ ይገኛል። በሕፃኑ ዘንድ የሚቀረው ለክቶ፣ ገምቶ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና አቁሞ ያገኘው ችሎታ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አዲስ ለሚከፈቱት ክፍሎች የዕቃ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ከዓሣውና ከኮከቡ አጠገብ ባዶ ጣሳ፣ የተሰነጠቀ ቅልና የተቆረጠ ፕላስቲክ ቢያስመዘግብ፣ ለዚህ ችሎታ ቦታ አበጀለት ማለት ነው።